ሁለተኛ ያደረግናት

እኔ የኮምፒውተር መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ልኮራበት ብዬ አይደለም፤ በዚያ ሰሞን ምን ያህል እኮራበት እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። የማስተምረው እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ሰፈራችን ውስጥ ስልኩ የተቆለፈበት፣ የልጁን የፈተና ውጤት ከኢንተርኔት ማየት ያቃተው፣ የሥራ ማመልከቻ የሚጽፍለት ያጣ ሁሉ የኔን በር ያንኳኳል። "መልካሙ ያውቃል" ይባላል። ሰው ይህን ደጋግሞ ሲሰማ የማያውቀውንም የሚያውቅ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር።

ትብለጥ ታናሽ እህቴ ናት። ኩዌት ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመለሰችና ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ልብስ ስፌት ከፈተች። ከተመለሰች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር፤ ሰፈሩ ግን አሁንም "የአረብ አገሯ" ነበር የሚላት። በክፋት አይደለም። "መቼ ነው የምትመለሺው?" ብሎ የሚጠይቃትም አይጠፋም፤ መመለስ የሚሉት ወደ ኩዌት ነው። እሷ ስቃ ታልፈዋለች። እኔ ስቃ ያለፈችው ነገር የረሳችው ይመስለኝ ነበር።

የእድራችንን ሥራ የምትሠራው ግን እሷ ነበረች። በረዶ የበሳውን፣ አይጥ የበላውን የእድር ድንኳን በስፌት መኪናዋ እየጣፈች እዚህ ያደረሰችው እሷ ናት። ሰው ሲሞት ወንበርና ሳህን ቆጥራ ታወጣለች፣ ውሃ ለሚቀዱት ተራ ታስይዛለች፣ ወደ ጉና አቀበት ለቀብር ሲኬድ አይሱዙ ተከራክራ ታመጣለች። አንድ ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ ሐሙሲት መንገድ ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። እኛ ወንዶቹ ማን ይሂድ እየተባባልን ስንመካከር እሷ አስከሬኑን ይዛ ደረሰች።

እንግዲህ የእድሩ ሊቀመንበር ባሕር ዳር ልጃቸው ዘንድ ለመኖር ሲሄዱ ምትክ መምረጥ ግድ ሆነ። ምርጫችን ከድሮም ያበሽቀኝ ነበር። መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይጠቆማሉ። አንድ በአንድ ይነሣሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይመርቃሉ፣ "እኔስ ደክሜያለሁ፣ ለልጆቹ ተዉልኝ" ይላሉ። ሕዝቡ እንደገና ይለምናል፤ እነሱ እንደገና እንቢ ይላሉ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ትክክለኛው ሰው የሚጠራውና እጅ የሚወጣው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ለኔ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን ነበር።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ ተነሥቼ ሐሳብ አቀረብሁ። "በስልክ እንምረጥ። ሊንኩን በቴሌግራም እልክላችኋለሁ። እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብላችሁ በቅደም ተከተል ታስቀምጣላችሁ። ማን ማንን እንደመረጠ አይታወቅም። ኮምፒውተሩ በደቂቃ ይደምረዋል።" ሦስት እጩዎች ተያዙ። አንዱ አለቃ ደምሴ ናቸው፤ የሰፈሩን ግማሽ፣ እኔን ጨምሮ፣ ፊደል ያስቆጠሩ አዛውንት። ሁለተኛው ሐጂ ኑሩ ናቸው፤ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የክርስቲያኑም የእስላሙም ሐዘን የማያመልጣቸው ሰው። ሦስተኛዋ ትብለጥ እንድትሆን ስሟን የጠራሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ሱቋ ሄድሁ። ቀሚስ እየሰፋች ነበር።

"ጋሸ፣ ስሜን አስወጣልኝ" አለችኝ ቀና ሳትል።

"ለምን?"

"ሴት፣ ያውም ከአረብ አገር የመጣሁ። ሰው ፊት ታዋርደኛለህ።"

"ሰው ሁሉ የሚፈልገው አንቺን እኮ ነው። የፈለግሽውን ሰው ጠይቂ።"

"እሱስ ይሉኛል። ፊት ለፊቴ ይሉኛል።" የስፌት መኪናዋን አቆመች። "እውነቱን ልንገርህ? ደላላው መደወል አላቆመም። ፓስፖርቴንም አሳድሻለሁ። ይኼ ሰፈር የኔ ናት ካለኝ እቀራለሁ። ካላለኝ ግን እዚህ እንግዳ ሁኜ አልኖርም፤ እንግድነቱንማ እዚያው ደመወዝ እየተከፈለኝ እኖረዋለሁ።"

"እመኚኝ" አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝና "እሽ፣ አንተ ካልህ" አለች።

በዚያ ሳምንት እንደኔ የሠራ ሰው አልነበረም። ፎርሙን አዘጋጀሁ። ማንም ሰው ለሁለት እጩዎች አንድ ዓይነት ደረጃ እንዳይሰጥ አድርጌ ዘጋሁት። መልሶቹ በቀጥታ ኤክሴል ሰንጠረዥ ውስጥ እንዲገቡ፣ የአሸናፊው ስም አረንጓዴ፣ የተሸናፊው ቀይ እንዲሆን አደረግሁ። ስልክ የሌላቸውን ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ደግሞ ቤት ለቤት እየዞርሁ በራሴ ስልክ ሞላሁላቸው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደጃፋቸው ላይ ቁሜ ስልኬን ወደ ሰማይ እያነሣሁ እጠብቃለሁ። ያዩኝ ይስቁብኛል፤ እኔም እስቃለሁ።

እትየ ዘነቡ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ፤ የሌሎቹም ቤት ከዚህ የተለየ አልነበረም። እትየ ዘነቡ በእድሩ ውስጥ በዕድሜ ትልቋ ሴት ናቸው።

"አንደኛ ማንን ላድርግልዎት?"

"አንደኛማ አለቃ ናቸዋ! እሳቸውን አስቀምጨ ማንን ልል ኖሯል?"

"ሁለተኛስ?"

"ትብለጥ ናት እንጅ! እሷ ባትኖር ይኼ እድር ምን ይሆን ነበር?" ካሉ በኋላ ግን ጠረጠሩ። "ልጀ፣ ሁለተኛ ስላት ትቀርብኛለች እንዴ?"

"ኧረ አትቀርም! ሁለተኛ ምርጫዎትም ይቆጠራል፣ አይባክንም።"

"እንዲያ ከሆነማ እሰየው" አሉና መረቁኝ።

ይችን "አይባክንም" የምትል ቃል በየቤቱ ደገምኋት። ግማሹ እውነት ነው። ሁለተኛ ምርጫ የሚታየው በአንደኛው ዙር ከግማሽ በላይ ያገኘ ሰው ሲጠፋ ብቻ ነው። ይህን ሌላውን ግማሽ አልተናገርሁትም። አውቄ አልደበቅሁትም፤ ለባልቴት ይህን ያህል ማብራራት አስፈላጊ አልመሰለኝም። እናም ከቤት ቤት ስሄድ በጆሮዬ የምሰማው፣ በጣቴ የምሞላው አንድ ዓይነት ነገር ሆኖ ሳለ፣ አንደኛ ለአለቃ ወይም ለሐጂ፣ ሁለተኛ ለትብለጥ፣ ሁለተኛ ለትብለጥ፣ አንዴም ቆም ብዬ አላሰብሁም። ያስደሰተኝ የሞሉት ሰዎች ቁጥር መጨመሩ ነበር።

የራሴን ድምፅ የሰጠሁት መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ ነው። የት እንዳደረግኋት አሁን አልነግራችሁም፤ ይደርሳል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ አዳራሽ ሞላ። ከትምህርት ቤት ፕሮጀክተር ተውሼ ነበር። ትብለጥ ከሱቋ ነጭ አቡጀዲ አምጥታ ራሷ ግድግዳው ላይ ወጠረችልኝና በሩ አጠገብ ሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። አዲስ ነጠላ ለብሳለች። እኔ ውጤቱን አስቀድሜ አላየሁትም ነበር፤ ሁሉም ሰው ፊት እንዲወጣ ብዬ ሆን ብዬ አላየሁትም። እንዲያውም ይህንኑ በኩራት ተናገርሁ። መስኮቶቹ ተዘጉ።

"አሁን አንዲት ቁልፍ ነው የምጫነው" አልሁ። "ክርክር የለ፣ ልመና የለ።"

ተጫንሁ።

አለቃ ደምሴ አርባ ሦስት፣ በአረንጓዴ። ሐጂ ኑሩ ሠላሳ ስድስት፣ በቀይ። ትብለጥ ዜሮ፣ በቀይ።

ፊደሉን ከኋላ የተቀመጡት እንዲያነቡት ብዬ አግዝፌው ነበር። ዜሮዋ አቡጀዲው ላይ የሰው ጭንቅላት ታክላለች።

መጀመሪያ የመጣልኝ ቀመሩ ተሳስቷል የሚል ነው። ጎንበስ ብዬ መረመርሁት። አልተሳሳተም። መልሶቹ ወዳሉበት ገጽ ሄድሁ። የመጀመሪያው ዓምድ፦ አለቃ፣ ሐጂ፣ አለቃ፣ አለቃ፣ ሐጂ። ሁለተኛው ዓምድ፦ ትብለጥ፣ ትብለጥ፣ ትብለጥ፣ ትብለጥ። ወደ ታች ወረድሁ፤ ከሁለት ሦስት መስመር በቀር እስከ መጨረሻው ትብለጥ ነው። አለቃ ከግማሽ በላይ ስላገኙ ኮምፒውተሩ ያን ዓምድ ሳያየው ጨርሷል። ያን ጊዜ ገባኝ። እጅ በሚወጣበት ምርጫ ሽማግሌው መጀመሪያ የሚጠሩት እንዲከበሩ ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ይለቃሉ፣ ሥራው ወደሚሠራው ያልፋል። እድርተኛው በስልክም ያንኑ ነው ያደረገው። አንደኛን ለክብር ሰጠ፣ የሚፈልጋትን ቀጥሎ አስቀመጠ። እኔ በሠራሁት ፎርም ላይ ግን ሽማግሌው ተነሥተው "ለልጆቹ" የሚሉበት ቦታ አልነበረም።

ያለው የሚባለው ቆርቆሮ ሠሪ ጨዋታ ይወዳል። ከኋላ ሆኖ "ዜሮ! ኧረ ትብለጥ፣ ራስሽንም አልመረጥሽም እንዴ?" አለና አዳራሹ ሳቀ። ወደ በሩ አየሁ። እሷም ለመሳቅ ሞክራ ነበር።

እትየ ዘነቡ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። "ቆይ፣ ቆይ። ምን ማለት ነው ዜሮ? እኔ ሁለተኛ አድርጌያታለሁ። ይኸው መልካሙ ራሱ ሞልቶልኛል።"

"እኔም ሁለተኛ ብያታለሁ" አለች ሌላዋ። "እኔም!" "እኔም!" የሚል ከየጥጉ መጣ።

አለቃ እጃቸውን አነሡ። "ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አንደኛ ብላችሁኛል፣ ይበቃኛል። ይኼ ጉልበቴ ከቤተ ክርስቲያን ማዶ አይሻገር፤ ድንኳን ላስተክልበት ነው? ሐጅ ምን ይላሉ?"

ሐጂ ኑሩ ከተቀመጡበት ሳይነሡ "ወላሂ እኔም ይኸንኑ ልል ነበር" አሉ። "እኔ አንደኛ አለቃን ነው ያልሁ፣ ለክብራቸው። ሥራውንማ ለምትሠራው እንስጣት። መልካሙ፣ በል ልጀ፣ አስተካክለው።"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። ከኔ የሚፈለገው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች። "ጥፋቱ የኔ ነው፤ አጠያየቄ ልክ አልነበረም፤ ሁለተኛውን ዓምድ ላንብብላችሁ" ብል ይበቃ ነበር። አፌን ከፍቼም ነበር።

ቆርቆሮ ሠሪው ቀደመኝ። "እህ! መልካሙ ይኼን ሁሉ ሽቦ የዘረጋው እህቱን ሊያነግሥ ኖሯል?"

ቀልዱን ነው። ሁሉም ቀልድ መሆኑን ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ጆሮዬ ግን ጋለ። መምህሩ ለእህቱ አዳላ ሲባል፣ ተማሪዎቼ ሲሰሙ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ታየኝ።

"አይቻልም!" አልሁ። ድምፄ ለራሴም ጎልቶ ተሰማኝ። "ድምፅ ተሰጥቷል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ ሁለተኛ ምርጫ አይታይም፣ ደንቡ ነው። እህቴ ብትሆንም ዜሮ ዜሮ ነው።"

ማንም አልሳቀም። አለቃ "አይ ልጄ" ብቻ ብለው ተቀመጡ።

ትብለጥ ተነሣች። አልቸኮለችም። አጠገቧ የተቀመጠችውን ሴት ጉልበት እንዳትነካ ቀሚሷን ሰብስባ አለፈችና በሩን ከፍታ ወጣች። ብርሃን ሲገባ አቡጀዲው ላይ ያለው ጽሑፍ ደበዘዘ። እኔ ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? "በሩን ዝጉልኝ፣ አይታይም" አልሁ።

ከሰዓት በኋላ ሱቋ ሄድሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፣ አትሰፋም። የእድሩ ድንኳን ግማሹ ተጥፎ ግማሹ ሳይጣፍ እግሯ ሥር ተቆልሏል።

"ቀመሩ ነው" አልኋት ገና ሳልቀመጥ። "ሰው አልጠላሽም። ሁሉም ሁለተኛ አድርጎሻል፣ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርሁ።"

"አንቺስ ራስሽን ለምን አንደኛ አላደረግሽም?"

"ምን ነካህ ጋሸ? ራሱን አንደኛ የሚያደርግ ሰው አለ? ሐጅን አንደኛ፣ አለቃን ሁለተኛ፣ ራሴን መጨረሻ አደረግሁ።" ጣቷ ላይ የተጠመጠመውን ክር ትፈታ ጀመር። "የሌላው ሰውስ አልደነቀኝም። አባቶችን ማስቀደም ያለ ነው። አንድ ሰው ግን አይቀርብኝም ብየ ነበር።"

ዓይኔን ወደ ድንኳኑ መለስሁ።

"አንተ የት አደረግኸኝ?"

መዋሸት እችል ነበር። ፎርሙ ስም አይዝም፤ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን እኮ ዜሮዋን ሁለታችንም አይተናታል። ዜሮ ማለት ማንም ማለት ነው፤ እኔም ጭምር።

"ሁለተኛ" አልኋት።

አልተቆጣችም። ሰው ቢቆጣ የሚሻልበት ጊዜ አለ። እኔ ግን ላስረዳ ስል ይባስ አበላሸሁት። "አለቃ አስተማሪዬ ናቸው። ደግሞም ለእህቱ አዳላ እንዳይባል ብዬ ነው። የኔ አንድ ድምፅ ብትጨመርም አትለውጥም ነበር፤ ያው ትወድቂ ነበር። አስቢው፣ አርባ ሦስት ለአንድ..."

"ማሸነፉን ማን ጠየቀህ?" አለችኝ። "ዜሮ አይሆንም ነበር።"

ከዚያ ጎንበስ አለችና ድንኳኑን አጣጥፋ ሰጠችኝ። "ይኼን ውሰድላቸው። የቀረውን ሌላ ሰው ይጣፈው።"

ተሸክሜው ወጣሁ። ዋናው መንገድ ላይ የሚያውቀኝ ሁሉ ሰላም ይለኛል፣ "ምርጫው እንዴት ነበር መምህር?" ይለኛል። "ጥሩ ነበር" እላለሁ።

ወደ ኩዌት አልሄደችም። ከዚያ ሳምንት በኋላ የስፌት መኪናዋን ሚኒባስ ላይ አስጭና ሐሙሲት ከተማ ወረደች፤ እዚያ ሱቅ ከፈተች። ለኔ የነገረችኝ ከተሳፈረች በኋላ በስልክ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰፈራችን ውስጥ ሰው ሞተ። አለቃ በማለዳ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ለመሆኑ ወንበሩን የሚያወጣው ማን ነው?" አሉኝ። አላወቅሁም። በዚያ ቀን ለቀስተኛው ዝናብ በሚያፈስ ድንኳን ሥር ተቀመጠ።

እድሩ እንደገና ተሰበሰበ፣ ያለ ፕሮጀክተር። አለቃ ተጠሩ፣ መረቁ፣ ለቀቁ። ሐጂ ተጠሩ፣ መረቁ፣ ለቀቁ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ድምፅ "ትብለጥ" አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በዚያ ጉልበታቸው ሚኒባስ ተሳፍረው ሐሙሲት ድረስ ሄደው ለመኗት። እጃቸውን አስታጥባ፣ ምሳ አብልታ፣ አክብራ ሸኘቻቸው። መልሷ ግን "ይቅርታ አድርጉልኝ አባቶቼ፣ እኔ አሁን እዚህ እድር ገብቻለሁ" የሚል ነበር። ስለኔ ምን አለች ብዬ ሐጂን ጠየቅኋቸው። "አላነሣችህም" አሉኝ።

አንባብያን ሆይ፣ ፎርሙን አትጥሉት። እኔም አልጣልሁትም፤ ዛሬም ተማሪዎቼን አስተምረዋለሁ። ኮምፒውተሩ የሰጠነውን ነው የቆጠረው። የሚያሳፍረኝ እሱ አይደለም። የሚያሳፍረኝ በየቤቱ በጆሮዬ ሰምቼ አለመስማቴ ነው። ከዚያ በላይ የሚያሳፍረኝ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የፈራሁት ነገር ነው። "ለእህቱ አዳላ" እንዳልባል ፈራሁ፤ ተሳካልኝም። እስከ ዛሬ ማንም እንዲያ ብሎኝ አያውቅም። በዚህ ከተማ የማያዳላ ሰው ተብዬ ነው የምታወቀው። አንዳንዴ ክፍል ውስጥ ቆሜ ለገዛ እህቱ የማያዳላ ሰው ለማን ሊሆን ነው እላለሁ። እናንተ የምትወዱት ሰው ሰው ፊት በቆመ ጊዜ ምን ይሉኛል ብላችሁ ወደ ኋላ እንዳትሉ። ምክር አይደለም፤ ልመና ነው።

ባለፈው የገበያ ቀን ሐሙሲት ሄጄ ነበር። ሱቋ ደጃፍ ላይ ሦስት ሴቶች ተራ ይጠብቃሉ። ትብለጥ የአንዷን ትከሻ በሜትር እየለካች ነበር። አየችኝ፣ ፈገግ አለች፣ ደኅና መሆኔን ጠየቀችኝ፤ ምንም አላጎደለችብኝም። የምትለካላት ሴት ዞራ አየችኝና "ማን ናቸው ትብለጥየ?" አለቻት።

"ያገሬ ሰው ናቸው" አለች ሜትሩን ሳታነሣ። "ከደብረ ታቦር።"

ከዚያ ከጎን ካለው ቤት ሻይ አዘዘችልኝ። ሻዩ ሲመጣ ብርጭቆውን ካመጣችው ልጅ ተቀብላ አቀበለችኝና ስኳር ስንት እንደምትጨምርልኝ ጠየቀችኝ።